የእናታችን ድስትና የልጅሽ ጠርሙስ

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለኢኔዝ፤ ባርቤዶስ ተቀምጠሽ ከእኔ ቀድመሽ ላረጀሽው።

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ የዝናቡን መምጣት ከሬዲዮው ቀድሞ የሚያውቅ ጉልበትሽ አሁንም ይናገራል? የደም ግፊትሽ ረገብ አለልሽ? ቀኝ ጆሮሽ ተከፈተ ወይስ ግራውም ተከተለው? ባለቤትሽ ክላይድስ፣ ዓሣ ላጠምድ ነው ብሎ ወጥቶ ከገበያ የተገዛ ዓሣ ይዞልሽ መግባቱን ተወ? ልጅሽ ማርቫና ልጆቿ ደህና ናቸው? ያች ወፍራም ድመትሽስ? ስለ ድመትሽ የጠየቅኩሽ ወድጃት አይደለም፤ ቀጥሎ የምጽፈውን ትንሽ ላዘግየው ብዬ ነው።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ዶርካስ ቀኑን ሙሉ እኔን ስትቆጣ ስለምትውል ደሟ አይረጋም፤ ሐኪሙም በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ልብ አላየሁም ብሏታል። ምስጋናው ለእኔ ነበር የሚገባው፤ ማንም አላመሰገነኝም። እኔም ከቀሩኝ ጥርሶች ጋር ተስማምቼ እኖራለሁ። ወንዙ ሰሞኑን ሞልቶ የጀልባ መውጫውን ደረጃ ውጦት ነበር፤ አሁን መልሶ ተፍቶታል። በልጅነትሽ የወደቅሽበት የማንጎ ዛፍ ዘንድሮም አፍርቷል። አንቺን የጣለሽ ቅርንጫፍ ግን ደርቋል፤ ከክብደትሽ ገና አላገገመም።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንዳትይኝ። ባለፈው በስልክ የፐርሳውድ ላም ወለደች ብልሽ ማን ነው የሞተው ብለሽ ጩኸትሽን ለቀቅሽው፤ ክላይድም ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ አሉ። ደግሞም ስልክሽን የምታነሳው ማርቫ ናት፤ ማርቫ የሰማችውን ወንድሟ ሮውል ሻይ ሳይበርድ ይሰማዋል። ይህ ጉዳይ የሮውል ስለሆነ በወረቀት ይሁን አልኩ። ጎረቤታችን ፐርሳውድ ልጁን ሊጠይቅ ወደ እናንተ ይበራል፤ ደብዳቤውን በአንቺ እጅ እንጂ በማንም እጅ እንዳያኖር በላሙ አስምዬዋለሁ።

አሁን መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ በይ። የእናታችን ድስት ሞተ።

ሌላ ሰው ቢሆን ድስት ደግሞ ይሞታል እንዴ ብሎ ይስቅብኛል፤ አንቺ እንደማትስቂ አውቃለሁ። እማማ በሠርጓ ሳምንት የጣደችው ያ ጥቁር ፔፐርፖት፣ እኔም አንቺም ሳንወለድ በምድጃው ጥግ ተቀምጦ የጠበቀን ወጥ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት አንድ ፍላት፤ ሥጋ የወጣለት ሥጋ ይተካለታል፤ ሲቀጥን ካሳሪፕ ይጨመርለታል፤ አፍ የነካው ማንኪያ ወደ ውስጡ የገባ እንደሆነ ደግሞ እማማ ባለ ማንኪያውን በዚያው ማንኪያ ትለዋለች። የመራራ ካሳቫው ጭማቂ ጠቁሮ እስኪወፍር ፈልቶ ካሳሪፕ ሲሆን ሥጋውን እንደ ዘበኛ ይጠብቀዋል ትል ነበር። ጠብቆታልም። በዚያ በትልቁ ጎርፍ አባባ መጀመሪያ ድስቱን ጣሪያ ላይ አወጣ፣ ቀጥሎ እኔን፣ መጨረሻ ላይ አንቺን። ይህን ስነግርሽ ሁልጊዜ ትቆጫለሽ፤ አባባ ግን ሲጠየቅ ድስቱ አያለቅስማ ነበር መልሱ።

ልጅሽ ሮውል ንግዱን እዚያ ተምሮ መጥቶ ካሳሪፕ በጠርሙስ አሽጌ እሸጣለሁ ሲለን ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ልደብቅሽ አልችልም። ስሙንም በእማማ ስም ማ ሉክሪሻ አለው። የመጀመሪያውን ጠርሙስ ይዤ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም ሳሳይ ዋልኩ። ዶርካስ አራስ ልጅ ነው እንዴ የታቀፍከው፣ ቢያንስ ነፋስ እንዳይመታው ሸፍነው እያለች ሳቀችብኝ። ያን ጊዜ ጭማቂው ከላይ ከወንዙ ራስ ከፊሎሜና ቤት የሚመጣ ነበር፤ እሷና ምራቶቿ ፍቀው፣ ጨምቀው፣ ቀኑን ሙሉ ከእሳት ጋር ታግለው የሚያወጡት። በዚያ ላይ ኮኬሪት የሚባለው ሱፐርማርኬት ከዋና ከተማው ተነስቶ በየወረዳው እንደ እንጉዳይ መብቀል ጀመረ፤ የሀገር ነገር ለሀገር ሰው የሚል ጽሑፍም በየበሩ ሰቀለ። የሮውልን ጠርሙስ ወሰደ። እኔም የእኛ ልጅ የት ደረሰ አልኩ። የት እንደ ደረሰ አሁን ነው የገባኝ።

ዘንድሮ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ሮውል ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። እውነተኛውን የማ ሉክሪሻን ድስት ቀርጸን ለገና ማስታወቂያ እናውላለን አለ። ዶርካስ አዲስ ቀሚሷን ለበሰች። ሮውል ደግሞ በዕድሜዬ አድርጌ የማላውቀውን የሣር ባርኔጣ ጭንቅላቴ ላይ ደፋብኝና

«አጎቴ፣ የጀልባህን ሞተር ፍታውና በመቅዘፊያ እየቀዘፍክ ና» አለኝ።

«ልጄ፣ ሞተሩን የገዛሁት እኮ መቅዘፍ ሰልችቶኝ ነው።»

«የድሮውን ጊዜ እንዲመስል ብዬ ነው።»

«የድሮውን ጊዜ እንዲመስል ከሆነ አንተም ሱሪህን አውልቅና ንፍጥህን ልጥረግልህ» አልኩት። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ሊጥል ደረሰ።

ያም ሆኖ ያንቺ ልጅ ነው ብዬ ቀዘፍኩ። ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ፀሐዩ አልተመቸም ተባለና ደግሜ ወጣሁ። እኔ ወንዝ ላይ ላቤን ሳፈስ ጉዱ የተሠራው ወጥ ቤት ነው። ዶርካስ እንደ ነገረችኝ ሮውል ምድጃው አጠገብ ቆሞ ጠርሙሱን ከፈተና ወደ ካሜራው ዞሮ እያንዳንዱ ጠብታ የአያቴ ፍቅር ነው አለ። ኢኔዝ፣ እናታችን ፍቅሯን በጠብታ ሰጥታ ታውቃለች? በጥፊ ነበር የምትሰጠን፣ እሱንም ሳትቆጥብ። ከዚያ ያን ሁሉ ጠርሙስ ድስቱ ውስጥ ገለበጠው። ዶርካስ ቀስ በል ልጄ፣ ወጡ እኮ አልቀጠነም ብትለው፣ አክስቴ፣ ሲፈስ መታየት አለበት አላት። ፎቶ አንሺው ደግሞ መብራቱ አልጠራም፣ ይደገም አለ። ተደገመ። ሁለተኛው ጠርሙስም ገባ። እኔ ባርኔጣዬን ደፍቼ ስገባ ወጡ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጭ ነበር። ደስ አላለኝም፤ ግን ያንቺ ልጅ ነዋ።

ሳምንቱ ሳይሞላ ቤቱ ይሸት ጀመር። ዶርካስ ከወለሉ ሥር አይጥ ሞቷል ብላ ባትሪ አስይዛ በደረቴ እየተሳብኩ ከቤቱ ሥር እንድገባ ላከችኝ። ጭቃውን አዳርሼ ያገኘሁት ከስንት ዓመት በፊት የጠፋባትን አንድ እግር ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። አገኘሁልሽ ብዬ እየሳቅኩ ብወጣ እሷ ክዳኑን በእጇ ይዛ ድስቱ ፊት ቆማለች። አልተቆጣችኝም፤ ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ወጡ ነጭ አረፋ አብቅሏል። ሽታው አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አልወጣም ብሎ የሚቀመጥ ሽታ ነው። አፈላነው። ጠዋትም ማታም አፈላነው፤ ማፍላቱ ሽታውን ለጎረቤት አደረሰው እንጂ ሌላ የጠቀመን ነገር የለም። ስንት ጎርፍ፣ ስንት ሙቀት፣ ስንት የእኔ ሰካራም ጓደኛ ያለፈበት ወጥ በሁለት ጠርሙስ ሞተ።

ወደ ላይ ወጥቼ ከፊሎሜና እውነተኛውን ካሳሪፕ ይዤ ልመለስ፣ ምናልባት ያድነው እንደሆነ ብዬ ሄድኩ። የልጃችን ጀልባ መቼ ነው የመጣችው ብላት፣ «ያንተ ልጅ ከጠፋ ቆየ፤ እኔ የሞትኩ መስሎት ይሆናል፣ ለቀብሬ እንኳ ሳይመጣ ቀረ» ብላ ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ታዲያ ያ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

መልሱን ያገኘሁት ኮኬሪት እዚህ ቻሪቲ ከተማ ላይ ሱቁን የከፈተ ቀን ነው። የፊሎሜና ካሳሪፕም ወጡን አላዳነውምና፣ ድስቱን በዶርካስ ሻሽ አስሬ፣ ጀልባዬ ላይ ጭኜ ሄድኩ። ሞተሩን አስነስቼ ነው የሄድኩት፤ ቀረጻ አልነበረማ። በሩ ላይ ፊኛ፣ ሙዚቃ፣ ግርግር። ውስጡን ብታይው ያንገፈግፍሻል። የእኛ የሚሉት የኮኮናት ውሃ ከዱቄት የተበጠበጠ ነው፤ ኮኮናቱ ዛፍ ላይ ሆኖ በመስኮት እያያቸው። የካሳቫው ቂጣ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ቀምሼው ላስቲኩ ሳይሻል አይቀርም አልኩ። የሚያቃጥለው ድልህ ምላሴን ቀይ አደረጋት እንጂ አላቃጠላትም። በሁሉም ላይ የሀገራችን ባንዲራ ተለጥፏል፤ ባንዲራው ምን በደላቸው?

ከሁሉ የባሰውን ግን ልንገርሽ። ግድግዳው ላይ እናታችን አለች። አንድ ሰው የምታክል አድርገው ሰቅለዋታል። ያችን የመታወቂያ ፎቶዋን ታስታውሻለሽ፤ ፎቶ አንሺውን ልትመታው ያለች የምትመስልበት፣ ሌላ ፎቶ የላትም። ሮውል በኮምፒውተር አስቋታል! ኢኔዝ፣ እማማ ትስቃለች! ጥርስ ጨምረውላታል፤ ነጭ፣ ድርድር ያለ፣ የጥርስ ሳሙና የምትሸጥ ነው የምትመስለው። ጉንጯ ላይ የነበረውን ማርያም የሳመችውን ምልክት አጥፍተውታል። እናቴን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ላስቃት ስታገል ኖሬ ያልሆነልኝን በአንድ ቀን ሲያደርጉት ሳይ ቀፈፈኝ። የማላውቃት ሴት የእናቴን ሻሽ አስራ የቆመች መሰለኝ።

ከሥሯ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ አንዲት ልጅ በትንንሽ ኩባያ ወጥ ታቀምሳለች።

«አባባ፣ የማ ሉክሪሻን እጅ ይቅመሱ» አለችኝ።

«የኔ ልጅ፣ የማ ሉክሪሻን እጅ እንደ እኔ የቀመሰ የለም፤ ጆሮዬ ሥር ምልክቱ አለ» አልኳትና ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት።

ዓሣ ሻጩ ቦይሲ፣ «ካፒቴን ኤግበርት፣ ምን ይዘህልን መጣህ?» አለ።

«እሷን ከራሷ ጋር ላስተዋውቃት ነው» አልኩና ሻሹን ፈትቼ ክዳኑን አነሳሁት።

ሕዝቡ ሲበተን ሙዚቃው እንኳ የቆመ መሰለኝ። አንዷ የኩኪስ መደርደሪያ ውስጥ አፍንጫዋን ቀበረች። ቦይሲ፣ «ኧረ ክደነው! የሞተ አዞ ነው እንዴ የቀቀልከው?» እያለ ወደ ኋላው ሄደ፤ ዓሣ ሻጭ የሸሸው ሽታ ምን ዓይነት እንደሆነ አንቺው ገምቺ። እኔ ብቻ ቆምኩ። እኔም የቆምኩት አፍንጫዬን ሮውል በደፋብኝ በዚያ የሣር ባርኔጣ ይዤ ነው፤ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቀመኝ።

ሮውል እየሮጠ መጥቶ እጄን ያዘና ከኋላ ካርቶን ወደተከመረበት ክፍል አስገባኝ። «አጎቴ፣ ሰው እያየን ነው» አለኝ። እንዲያይ አይደል እንዴ የምትቀርጸው አልኩት። ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። አልዋሸኝም፤ ይህን ለእናትነትሽ እነግርሻለሁ። የተቃጠለ ስኳርና ስታርች ነው፣ ካሳሪፕም ትንሽ አለበት አለኝ፤ ትንሽ ሲል ጣቶቹን እንደ ጨው ቆንጥሮ አሳየኝ።

«አጎቴ፣ ዛሬ ማን ነው ድስት ምድጃ ላይ የሚያከርም? ሁሉም ፍሪጅ አለው። ሰው የሚፈልገው ቀለሙንና ስሙን ነው። የኮኬሪት ሰዎች ዋጋውን አርክሰህ ካላቀረብክ ከውጭ እናስመጣለን ብለውኛል፤ ያን ጊዜ የሀገር የሚባል ጠርሙስ መደርደሪያው ላይ አንድም አይቀርም።»

እውነቱን ነው ለማለት ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ደክሞታል ልጁ፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ታዲያ በራስህ ስም ሽጠው፣ የሮውል የተቃጠለ ስኳር በለው፣ እኔም እገዛልሃለሁ፤ እሷን ግን ከግድግዳው አውርዳት አልኩት። ሥራ አስኪያጁ በዚህ መሃል ቅርጫት ሙሉ ስጦታ ይዞ መጣና ስለ ደረሰብኝ መጉላላት ይቅርታ ጠየቀኝ። ከፍቼ ባይ ከብስኩቱ ሥር የማ ሉክሪሻ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። እዚያው ወለሉ ላይ አስቀመጥኩለት። ብስኩቱን ወስጃለሁ፤ ብስኩቱ ምን አደረገ?

ልወጣ ስል ሮውል ልቤን ሊያለሳልስ ብሎ፣ «ለእማዬም አንድ ካርቶን ልኬላታለሁ፤ ለገና ድስቷ ውስጥ ስትጨምረው ማርቫ ትቀርጻታለች» አለኝ።

እህቴ፣ ወረቀትና ብዕር ፍለጋ ወደ ቤት የሮጥኩት እዚያ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ገጽ የፈጀሁትም ለዚህ አንድ ነገር ነው። የልጅሽን ጠርሙስ እንዳትከፍቺው። ማርቫ ካሜራ ይዛ ብትለምንሽ፣ ሮውል ራሱ በአውሮፕላን መጥቶ እግርሽ ላይ ቢወድቅ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ድስትሽ ውስጥ እንዳትገባ። ፀጉርሽን ቀቢበት፣ የክላይድን ጫማ ወልውዪበት፤ ድስቱን ግን አታስነኪ።

አግብተሽ ስትሄጂ እማማ ከድስቷ ጨልፋ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ የሰጠችሽ ትዝ ይልሻል? ቆርቆሮውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ መርከብ ስትገቢ ሙሽሪት የሬሳ አመድ ይዛ ነው የምትሄደው ብዬ መርከበኞቹን አስቄብሽ ነበር። ከዚያም ወዲህ ያንቺ ድስት የባህር ውሃ ነው የሚሸተው፣ የባርቤዶስ ላም ሥጋዋ አሸዋ ነው እያልኩ በየደብዳቤው ሳበሽቅሽ ኖሬአለሁ። ያልኩትን ሁሉ አንስቻለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ አፍ ዳግመኛ ስለማትሰሚ ወረቀቱን በክብር አስቀምጪው። እማማ በእጇ ያነሳሳችው ወጥ ዛሬ በምድር ላይ ያለው ያንቺ ምድጃ ላይ ብቻ ነው።

የእኛን ወጥ ከማንጎው ሥር ቀበርነው። ዶርካስ ብረት ድስቱን በአሸዋ ፈትጋ፣ ዘይት ቀብታ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ጠዋት ተነስታ በደንብ ሳትነቃ ወደ ጥጉ ትሄድና እሳቱን ልታቀጣጥል ስትጎነብስ ታስታውሳለች። እኔም አላሾፍባትም።

ፐርሳውድ ከደብዳቤው ጋር አንድ ያረጀ የሩም ጠርሙስ ይሰጥሻል። ስም የለውም፣ ባንዲራ የለውም፣ የሚስቅ ሰው የለበትም፤ አፉ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ነው። ውስጡ ያለው የፊሎሜና ካሳሪፕ ነው። ድስትሽ ሲቀጥን እሱን ጨምሪ። ለገና እመጣለሁ ያልሽው እውነት ከሆነ ደግሞ ሽቶም፣ ሸሚዝም፣ ያን የሚያሳክክ ካልሲም አታምጪልኝ። አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ጨልፈሽ፣ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ነይ። አውሮፕላን ውስጥ አናስገባም ካሉሽ መስማት እንደማትችዪ ሁኚ፤ ብዙም አትቸገሪም።

ለክላይድ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ዓሣው እንዴት ነው በይው፣ ይገባዋል። ማርቫን ሳሚልኝ፤ ካሜራዋን ግን አትሳሚልኝ። የልጅ ልጆችሽን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ቆንጥጪልኝ። ድመቷንም ሰላም በያት፤ አሁን ከልቤ ነው። ሮውል ለገና ማዕዳችን ላይ ይቀመጣል፤ እማማን ከግድግዳው ካወረዳት ሥጋ ይደርሰዋል፣ ካላወረዳት መረቁን ብቻ። ዶርካስ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሻለች። ይህንንም ጨምርልኝ አለችኝ፦ ምድጃው ጥግ ቦታው ክፍት ነው፤ ሌላ ነገር አልጣድኩበትም።

ሁልጊዜም የሚያበሽቅሽ ወንድምሽ፣
ኤግበርት

ቻሪቲ፣ ፖመሩን ወንዝ ዳር፣ ጉያና
ዲሴምበር ፪ ቀን